ሚኒ ኤክስካቫተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ክብደቱን በሥራው፣ ዋጋውን በሰዓቱ መመዘን

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ



በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በአቮካዶና በማንጎ ልማት ጥሪት ከቋጠራችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ «ያችን ትንሿን መቆፈሪያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጉልበት ሠራተኛ ዋጋ ጨምሯል፤ የውሃ ማሰባሰቢያ ጉድጓድ በእጅ ለማስቆፈር ወራት ይፈጃል። ነገር ግን ይህ እንደ ውሃ መሳቢያ ሞተር አንድ ጊዜ ገዝተው የሚረሱት ዕቃ አይደለም። ብድሩ ከተበላሸ የሚሄደው የሁለት በሬ ዋጋ ሳይሆን የቤተሰቡ የብዙ ዓመት ልፋት ነው።

ይህ ጽሑፍ የትኛውን ብራንድ ግዙ አይልም። ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ሊኖሩ የሚገባቸውን ሁለት ቁጥሮች ግን እንድታወጡ ያግዛችኋል። አንዱ ሥራችሁ የሚጠይቀው የማሽን ክብደት ነው፤ ሁለተኛው በዓመት ስንት ሰዓት እንደምታሠሩት ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለኩ

ሚኒ ኤክስካቫተር የሚባለው በተለምዶ ከ6 ቶን በታች የሚመዝነው መቆፈሪያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 1 ቶን አካባቢ የሆኑትን ማይክሮ ይሏቸዋል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። ክንዱ የሚደርስበት ጥልቀት፣ ባልዲው የሚይዘው አፈር፣ ጠንካራ መሬት ሲያጋጥም የሚኖረው ጉልበት ሁሉም ከክብደቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ቀላል ማሽን ደረቅ መሬት ላይ ሲቆፍር አፈሩ ከመቆረስ ይልቅ ማሽኑ ራሱ ወደ ፊት ይጎተታል፤ አለዚያም ኋላው ብድግ ይላል።

በግምት ለመያዝ ያህል፣ የ1 ቶን ማሽን ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ጥልቀት ይቆፍራል፤ ባልዲውም 0.02 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። የ1.7 ቶኑ 2.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የ3.5 ቶኑ 3 ሜትር ያህል ወርዶ በአንድ ጊዜ 0.1 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። የ5 ቶኑ ደግሞ 3.5 ሜትር ያህል ይወርዳል። በወረቀት ላይ የተጻፈው ጥልቀት ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የሚነካው የመጨረሻ ነጥብ ስለሆነ፣ ደህና አድርጎ የሚሠራበት ጥልቀት ከዚያ ያነሰ መሆኑን አትርሱ።

አሁን አንድ ሥራ እንውሰድ። ከላይ 10 በ10 ሜትር፣ ከታች 4 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ፣ ጎኑ ዘንበል ያለ የውሃ ማሰባሰቢያ ጉድጓድ 156 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የሚወጣው አፈርም ያው 156 ሜትር ኩብ ነው፤ ከተቆፈረ በኋላ ግን ስለሚላላ ክምሩ በሩብ ያህል ይጨምራል። አንድ ብርቱ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ጉድጓዱ ወደ 100 የሰው ቀን ይጠይቃል ማለት ነው። የ3.5 ቶኑ ማሽን አፈሩን ሁለት ጊዜ ማገላበጡን ጨምረን በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ቢሠራ 20 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የ1 ቶኑ ማሽን በሰዓት 2.5 ሜትር ኩብ ቢያወጣ 62 ሰዓት ይፈልጋል ልንል እንችል ነበር። ችግሩ ግን ሰዓቱ አይደለም፤ ክንዱ ወደ ታች አይደርስም። ጉድጓዱ ውስጥ መወጣጫ እየሠራ ገብቶ ካልቆፈረ በስተቀር ግማሹ ላይ ይቆማል።

በአንድ ቀበሌ ሦስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው የገዙትን ማይክሮ ማሽን ሲያሠሩ አይቻለሁ። የገዙት ጉድጓድ ቆፍረን እናከራያለን ብለው ነበር። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሞተሩም እንከን የለውም። ሆኖም 1.6 ሜትር ላይ ሲደርስ ባልዲው አየር ይጨብጣል። የቀረውን በአካፋና በዶማ ጨረሱት። ዛሬ ማሽኑ የመስኖ ቦይ በመጥረግና የችግኝ ጉድጓድ በማውጣት ጥሩ ሥራ ይሠራል። የብድሩ ስሌት ግን የተሠራው በውሃ ጉድጓድ ኪራይ ነበር።

እንግዲህ ማይክሮ ማሽን አይረባም ማለት አይደለም። 7 በ7 ሜትር ተራርቆ በሚተከል አቮካዶ አንድ ሄክታር 200 ያህል ጉድጓድ ይፈልጋል። እያንዳንዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠቅላላው 43 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህን ማይክሮ ማሽን በ3 ወይም በ4 ቀን ይጨርሳል። ከ90 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ስፋት በጓሮ አጥር በር የሚገቡ ስላሉም ፍራፍሬ መካከል ያለ ችግር ይዘዋወራሉ። ስፋቱና ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ 100 ሜትር ቦይ 25 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ ይህም የእነርሱ ሥራ ነው። የዋልካ መሬት ውሃ ለማጠንፈፍ ግን ኤክስካቫተር የሚያስቡ ካሉ ይተዉት፤ በበሬ የሚሳበው ቢቢኤም ያንን ሥራ በጥቂት ወጪ ይሠራል።

ስለ ውሃ ጉድጓድ አንድ ነገር እናክል። ውሃው 8 ወይም 10 ሜትር ላይ ከሆነ የትኛውም ሚኒ ኤክስካቫተር አያወጣላችሁም። ውሃ ቅርብ በሆነባቸው እንደ ፎገራ ባሉ የጣና ዙሪያ ሜዳዎች የላይኛውን 3 ሜትር ሊከፍትላችሁ ይችላል፤ የቀረው የጉድጓድ ቆፋሪ ሥራ ነው። ሻጭ «ውሃ ያወጣል» ካላችሁ በስንት ሜትር ብላችሁ ጠይቁት።

2. ከፍታውና አፈሩ ከማሽኑ ጉልበት ይቀንሳሉ

በካታሎግ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ማሽኑ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል። የትናንሾቹ ማሽኖች ሞተር አብዛኛው ቱርቦ የለውም። ስለዚህ ደጋ ላይ ያላችሁ ሥራው «ልክ ይበቃል» የሚያሰኘውን ሳይሆን አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን አስቡ። ጉልበት ያነሰው ሞተር ሁልጊዜ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ስለሚሠራ ይሞቃል፤ ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ዋልካ በመስከረም ከባልዲው አይለቅም፤ በመጋቢት ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ለዋልካ ምቹው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት አንድ ባልዲ አይበቃም። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርስ ያለው ጠባብ ባልዲ ለመቆፈሪያ፣ ጥርስ የሌለው ሰፊ ባልዲ ደግሞ ለመጥረጊያና ለማስተካከያ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በዋጋው ውስጥ እንዲያካትት ተደራደሩ፤ በኋላ ለብቻው መግዛት ይወደዳል።

ድንጋያማ መሬት ላይ የጎማ ሰንሰለት ቶሎ ይቆረጣል። ለስላሳ መሬት ላይ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚያገለግለው፣ ስለታም ድንጋይ ላይ ግማሹን ላያገለግል ይችላል። ዘወትር ድንጋይ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የብረት ሰንሰለት ያለውን ምረጡ፤ አስፋልት ላይ ግን አይነዳም። ጃክ ሀመር ልግጠም የሚል ደግሞ ማሽኑ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር እንዳለው አስቀድሞ ያረጋግጥ።

እርከን ጠርዝ ላይ ወይም ግድግዳ ሥር ለመቆፈር የምታስቡ፣ ክንዱ ብቻውን ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ መሆኑን እዩ። በርካሽ ማይክሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ላይ ይህ የለም፤ ማሽኑ ሁልጊዜ ከፊቱ ያለውን ብቻ ይቆፍራል።

3. ዋጋውን በሰዓት አስሉ

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት የብር ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። የአካባቢያችሁን ዋጋ እየተካችሁ ራሳችሁ ሥሩት፤ ቤት ያለ ተማሪ ልጅ ያግዛችሁ።

አንድ የ3.5 ቶን ማሽን በ2,400,000 ብር ተገዝቶ ከ6 ዓመት በኋላ በ600,000 ብር ቢሸጥ፣ በየዓመቱ 300,000 ብር ዋጋ ይቀንሳል። የብድር ወለድ በዓመት በአማካይ 240,000 ብር ቢሆን፣ ማሽኑ ቢሠራም ቢቆምም የምትከፍሉት በዓመት 540,000 ብር ነው። ሲሠራ ደግሞ በሰዓት 4 ሊትር ናፍጣ በ130 ብር ሒሳብ 520 ብር፣ ኦፕሬተር 200 ብር፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ጥገና 250 ብር፣ ማጓጓዣ 130 ብር ቢሆን በሰዓት 1,100 ብር ይወጣል።

በዓመት 200 ሰዓት ብቻ ከሠራ አንድ ሰዓት 3,800 ብር ያስወጣችኋል። 900 ሰዓት ከሠራ 1,700 ብር ብቻ ይሆናል። በአካባቢው የኪራይ ዋጋ በሰዓት 2,200 ብር ከሆነ ከእያንዳንዱ ሰዓት የሚተርፋችሁ 1,100 ብር ስለሆነ፣ ያንን 540,000 ብር ለመሸፈን ብቻ 491 ሰዓት መሥራት አለባችሁ። ትርፍ የሚጀምረው ከ491ኛው ሰዓት በኋላ ነው።

491 ሰዓት ይገኛል ወይ? ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ 7 ወር ነው። በዓላቱ፣ ለቅሶው፣ የገበያው ቀን፣ የነዳጅ ወረፋውና ብልሽቱ ሲቀነስ በወር 15 የሥራ ቀን፣ በቀን 5 የሞተር ሰዓት ብንይዝ 525 ሰዓት ይመጣል። ከ491 ጋር ያለው ርቀት 34 ሰዓት፣ ማለትም 7 ቀን ብቻ ነው። አንድ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ያንን ይበላዋል።

ስለዚህ የራሳችሁን ማሳ ብቻ ይዛችሁ የምትገዙ ከሆነ አይመከርም፤ 2 የውሃ ጉድጓድና 1 ሄክታር ፍራፍሬ ከ60 ሰዓት ብዙም አይዘልም። ተከራዩ። መግዛት የሚያዋጣው ለጎረቤት ቀበሌዎች ለማከራየት ለተዘጋጀ ሰው፣ ለቡድን ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። «ሰው ሁሉ ይፈልገዋል» የሚለውን ወሬ እንደ ገበያ አትቁጠሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ስም፣ ቀበሌና የሥራውን ዓይነት እየጻፋችሁ የሚከራዩአችሁን ሰዎች መዝግቡ፤ ቀብድ የሚከፍል ካለ ለብቻ ምልክት አድርጉበት።

4. ማሽኑ ፊት ስትቆሙ

ስትሄዱ የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጩን መካኒክ አይደለም።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን እዩ። ያገለገለ ማሽን ከመድረሳችሁ በፊት ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት የሚያስቸግር ሊሆን ስለሚችል ቀዝቅዞ እንዲነሳ ጠይቁ። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እንደሚያቃጥል ያሳያል። ጥቁር ጭስ ከአየር ማጣሪያ ወይም ከነዳጅ አረጫጨት ችግር ሊመጣ ይችላል። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ከዚያ ባልዲውን አፈር ሞልታችሁ ወደ ላይ አንሱና ሞተሩን አጥፉ። የክንዱን ከፍታ በእንጨት ለክታችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ፤ በግልጽ ከወረደ ሲሊንደሩ ወይም ቫልቩ ያልፋል። ባልዲውን መሬት አስነክታችሁ በእጅ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ፒኑና ቡሺንጉ ካለቀ ይንገጫገጫል። የላይኛው አካል የሚዞርበት ቦታ ላይ ጨዋታ ካለ፣ ወይም በሰንሰለቱ መንጃ ሞተር ዙሪያ ዘይት ካረጠበ፣ ጥገናው ውድ ስለሆነ ዋጋውን ያስቀንሳል ወይም ግዥውን ያስቀራል። የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ 900 ሰዓት የሚል ማሽን የፔዳሉና የመቀመጫው ቅርጽ ካለቀ ቆጣሪው ተቀይሯል ወይም ቆሞ ኖሯል።

አዲስ ስትገዙም ሞተሩን ለዩ። በአየር የሚቀዘቅዝ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ርካሽ ነው፤ ለአጭር ሥራ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ለኪራይ የሚሠራ ማሽን ግን በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ቢሆን ይሻላል። በቤንዚን የሚሠራውን አልመክርም።

መለዋወጫን በተመለከተ ካታሎግ ሳይሆን መደርደሪያ አሳዩኝ በሉ። የናፍጣ ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ የጎማ ሰንሰለት፣ የባልዲ ጥርስና ፒን በእጅ ካልተነኩ የሉም ማለት ነው። የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠራ ሱቅ ያለበት የቅርብ ከተማ የትኛው እንደሆነም እወቁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈነዳው እርሱ ነው።

የእንክብካቤው ነገር አጭር ነው። የሚንቀሳቀሱት መጋጠሚያዎች በየቀኑ ግሪስ ይቀባሉ። የሞተር ዘይት እንደ መመሪያው ይቀየራል፤ በውሃ በሚቀዘቅዙት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው በ50 ሰዓት፣ ቀጣዩ ከ200 እስከ 250 ሰዓት ባለው ነው። አቧራ በሚበዛበት ወቅት የአየር ማጣሪያው በየቀኑ ይታያል። ኦፕሬተሩ ይህን በደብተር ይመዝግብ፤ ያልተመዘገበውን እንዳልተሠራ ቁጠሩት።

5. ወረቀት፣ ነዳጅና ብድር

ማሽኑ ራሱን ችሎ ማደያ አይሄድም። ነዳጅ በጀሪካን ለመቅዳት የፈቃድ ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ ደብዳቤው በማን እንደሚጻፍና ማደያው እንደሚቀበለው አስቀድማችሁ ጨርሱ። ማጓጓዣም እንዲሁ። የ3.5 ቶኑ በአይሱዙ ይጫናል፤ የኪራዩን ዋጋ በስሌታችሁ አስገቡ። ኦፕሬተሩ ለልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የተሰጠ ፈቃድ ይኑረው። የሻጩን የጉምሩክ ሰነድ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ያገለገለ ከሆነም ሊብሬውን ከማሽኑ ጋር አመሳክሩ። «የግብርና መሣሪያ ስለሆነ ከቀረጥ ነፃ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በጽሑፍ የተሰጠውን ማስረጃ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

በሊዝ ፋይናንስ የሚገዛ ማሽን የመጨረሻው ክፍያ እስኪጠናቀቅ የአከራዩ ድርጅት ንብረት ነው፤ መሸጥም በዋስትና ማስያዝም አትችሉም። ክፍያው በየወሩ ሳይሆን ምርት በሚሸጥበትና ማሽኑ በሚሠራበት ወቅት እንዲሆን ጠይቁ። ክረምት ላይ ማሽኑ ቆሞ ወር በገባ ቁጥር ክፈሉ ከተባላችሁ የምትከፍሉት ከእህሉ ጎተራ ነው። የመሬት የመጠቀም መብታችሁን በዋስትና የምታስይዙ ከሆነ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያለው ባልና ሚስት ሁለቱም ስሌቱን አይተው ይስማሙ። ሚስት በፊርማ ቀን ብቻ ተጠርታ የምትፈርምበት ብድር ጥሩ ብድር አይደለም።

በቡድን የምትገዙ፣ ማሽኑ በአንዳችሁ ማሳ ላይ ቢሰበር ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፣ ወረፋው እንዴት እንደሚያዝ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ ጽፋችሁ አስመዝግቡ። ወንድማማችም ብትሆኑ።

6. ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲኖር

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲናድ ደረት ላይ የሚያርፈው ይህ ነው፤ ሰውየው ጭንቅላቱ ከአፈር በላይ ቢሆንም መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጎኑ ካልዘነበለ ወይም በእንጨት ካልተደገፈ ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ ውስጥ ማንም አይግባ፤ «አፈሩ ጠንካራ ነው» የሚለው አያድንም፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብም ይናዳል። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር። ማሽኑ ተዳፋት ላይ በአግድም አይሥራ፤ የደህንነት ቀበቶው ይታሰር። ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ክንድ አይነሳ። ልጆች ማሽን ማየት ስለሚወዱ የሚጠብቃቸው ሰው መድቡ። ጉድጓዱ ውሃ ከያዘ በኋላም አጥር ይኑረው፤ ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ጎን ስለሚያንሸራትት የገባ ልጅም ጥጃም ራሱን ማውጣት አይችልም። መውጫ ገመድ ወይም መሰላል ሁልጊዜ ይንጠልጠልበት።

የቡድን ሥራ

በየልማት ቡድናችሁ ሆናችሁ የሚከተለውን ሥሩና ለሚቀጥለው ስልጠና ይዛችሁ ኑ። በመጪው ዓመት የምታስቆፍሩትን ሁሉ በሜትር ኩብ አስሉ፤ ጥልቁ ስንት ሜትር እንደሆነ አስምሩበት። የቀበሌያችሁን የኪራይ ዋጋ ከሦስት ሰው ጠይቁ። ከዚያ በክፍል 3 ያለውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ደግማችሁ ሥሩ፤ የሚፈለገው ሰዓት ከምታገኙት ሰዓት ከበለጠ ደግሞ ማሽኑን ከማን ጋር በጋራ መያዝ ወይም ከማን መከራየት እንደምትችሉ በስም ጻፉ።